ልጄ አልጋ ላይ መሽናት ጀመረ

ጥያቄ፦ ጤና ይስጥልኝ፣ የኮሮና ወረርሽኝ ገብቶ ትምህርት ቤት ከተዘጋ ወዲህ የ6 ዓመት ልጄ አልጋ ላይ መሽናት ጀምሯል፣ ማታ ማታ ደግሞ «እማዬ አንቺም ትሞቻለሽ?» ይለኛል። ምን ልበለው?

መልስ፦ አይዞሽ እህቴ፣ ልጅ ሲጨነቅ የተወውን ነገር መልሶ መጀመሩ የተለመደ ነው፣ እንዳትቆጪው እንዳታሳፍሪው፣ አንሶላውን ቀይረሽ እለፊው። ጥያቄውን ግን አትለፊው፤ «አልሞትም» ብለሽ ቃል ከምትገቢ «አሁን ደህና ነኝ፣ እንዳንታመም እጃችንን በሳሙና 20 ሴኮንድ እንታጠባለን፣ ብታመምም የሚንከባከብህ ሰው አለ» በይውና ማን እንደሆነ በስሙ ንገሪው። ቲቪው የሟች ቁጥር ሲያወራ ከዋለ ዝጊው (ሲጫወቱ የማይሰሙ ይመስለናል እኮ)። ሳኒታይዘሩንም ከፍ አድርገሽ አስቀምጪ፣ አልኮል ስለሆነ ቢጠጣው ይመርዘዋል። ሽንቱ ካቃጠለው ወይ ውሃ ጥሙ ከበዛ ግን ጭንቀት ነው ብለሽ አትተይው፣ ሐኪም ይየው።