ወፏ ብዥ የምትለው ሌንሱ ስላጠረ አይደለም፦ ከሐዋሳ ለተጠየቀ ጥያቄ መልስ

ከሐዋሳ አንድ ወንድማችን የላከው ጥያቄ ባጭሩ እንዲህ ይላል፦ «ጋሼ፣ ያገለገለ ካኖን 700ዲ ካሜራ ከ55-250 ሌንስ ጋር ገዝቼ ሐይቁ ዳር ትናንሽ ወፎች ማንሳት ጀምሬያለሁ፣ ግን ሁሉም ብዥ ይሉብኛል፣ ዙም ሳደርገው ላባቸው ውሃ ይመስላል። ጀንበር ስትጠልቅ ሐይቁን ሳነሳ ደግሞ ወይ ሰማዩ ነጭ ይሆናል ወይ ጀልባዎቹ ጥቁር ይሆናሉ። ረጅሙን 150-600 ሌንስ ለመግዛት ብድር እያሰብኩ ነው፣ ምን ይመክሩኛል?»

መጀመሪያ ብድሩን ተወው። ቢያንስ ይሄን አንብበህ እስክትጨርስ።

ፎቶዎቹን በቴሌግራም እንደ ፋይል አርገህ መላክህ ጥሩ ነው፣ እንደ ፎቶ ብትልካቸው ተጨምቀው ሴቲንጋቸውም ጠፍቶ ነበር የሚደርሱኝ። አሁን ግን ሁሉንም አየሁት። ቄጠማው ላይ የተቀመጠችው ጀርባዋ ሰማያዊ ሆዷ ብርቱካናማ የሆነችው ወፍ ማላካይት ኪንግፊሸር ነች፣ እሷን ያነሳሃት ፒ ሞድ ላይ (ካሜራው ራሱ ሴቲንጉን የሚመርጥበት)፣ በ250 ሚሊ ሜትር፣ አይኤስኦ (ካሜራው ለብርሃን ያለው ስሜት) 100፣ ሹተር (ብርሃን የሚገባበት ጊዜ) 1/160 ሰከንድ ነው። በቃ ችግርህ እዚችው ጋ ነው። በ250 በእጅ ስትይዝ ያንተ ካሜራ ሴንሰሩ አነስ ያለ ስለሆነ 250ን በ1.6 አባዝተህ ቢያንስ 1/400 ያስፈልግሃል፣ ይሄ ለድንጋይ ነው እንግዲህ፣ ወፍ ደሞ ድንጋይ አይደለችም፣ ተቀምጣ እንኳን ጭንቅላቷ አንዴም አያርፍም። ሌንሱ ላይ ያለው ስታቢላይዘር ያንተን እጅ ነው የሚይዝልህ እንጂ የወፏን አንገት አይዝልህም። እኔ እንጀራዬ ሰርግ ነው፣ ሙሽራውን ቁም ስትለው ይቆማል፣ አገጭህን ቀና አርግ ስትለው ያረጋል፣ ወፍ ጋ ይሄ የለም።

ስለዚህ ፒን ተወውና ቲቪ (ሹተሩን አንተ የምትመርጥበት ሞድ) ላይ አድርገህ ሹተሩን 1/1000 ስጠው፣ አይኤስኦውን አውቶ አድርገህ ጣሪያውን 3200 ላይ ገድበው። ፎቶው ትንሽ አሸዋ አሸዋ ይላል ብለህ አትፍራ፣ አሸዋ ኮምፒውተር ላይ ይቀንሳል፣ ብዥታ ግን አይጠገንም። ዝም ብላ የተቀመጠች ከሆነ 1/500 ድረስ ልትወርድ ትችላለህ፣ የምትበር ከሆነ 1/2000 በል። ፎከሱን ደግሞ ካሜራው እንዲመርጥልህ አትተወው፣ ቄጠማ መሀል ስትሆን ሁሌ ፊት ያለውን ቅጠል ነው የሚመርጠው፣ መሀለኛዋን ነጥብ ብቻ አብራና አይኗ ላይ አድርጋት። አይኗ ላይ የምልህ እንዲሁ ለማማር አይደለም፣ በ250 ኤፍ 5.6 (የሌንሱ ቀዳዳ ስፋት) ላይ 4 ሜትር ርቀት ሆነህ ስታነሳ ጥርት ብሎ የሚወጣው ቦታ ጥልቀቱ 5 ሴንቲ ሜትር ገደማ ብቻ ነው፣ ክንፏ ላይ ከያዝክ አይኗ አመለጠህ ማለት ነው።

አሁን ወደ ሌንሱ ርዝመት እንምጣ፣ አንተን ያሳሰበህ እሱ ስለሆነ። ማላካይት ከጫፍ ጫፍ 13 ሴንቲ ሜትር ገደማ ነች፣ ከመዳፍህ ብዙም አትበልጥም። ፎቶህ ወርዱ 5184 ፒክሰል ነው። ከ10 ሜትር ብታነሳት ወፏ የምትይዘው 750 ፒክሰል አካባቢ ነው፣ ከ4 ሜትር ብታነሳት ግን ወደ 1900 ትጠጋለች። በነፃ እኮ ነው! ስድስት ሜትር መጠጋት ማለት ሌንስህን ከእጥፍ በላይ ማስረዘም ማለት ነው። 150-600ው ደሞ ወደ 2 ኪሎ ይመዝናል፣ በ600 ላይ 1/160 ብትሰጠው ከአሁኑም የባሰ ብዥታ ነው የምታገኘው፣ ብድሩ ብቻ ይተርፍሃል።

መጠጋቱ ታዲያ እንዴት ነው? አትጠጋትም፣ ራሷ እንድትመጣ ነው የምታደርገው። ይቺ ወፍ ከውሃው ብዙም ከፍ ባላለ ቄጠማ ወይ እንጨት ላይ ተቀምጣ ትጠብቅና ዘላ ትገባለች፣ አሳዋን ይዛ ብዙ ጊዜ እዛው እንጨት ላይ ነው የምትመለሰው። አንዴ ያየሃትን እንጨት ልብ በልና በሄደችበት ሰዓት ቀስ ብለህ 4 ሜትር አካባቢ ሄደህ ቁጭ በል። ቁጭ በል ነው ያልኩህ፣ የቆመ ሰው ያስፈራታል፣ ደሞ ከላይ ወደታች ያነሳኸው ወፍ ጀርባው ብቻ ነው የሚታየው፣ ከአይኗ እኩል ዝቅ ስትል ከኋላዋ ያለው ቄጠማ ራቅ ስለሚል ለስለስ ብሎ ይጠፋል። ደማቅ ቀለም አትልበስ፣ ስልክህን ዝም አሰኘው፣ ግማሽ ሰዓት ምንም ላይመጣ ይችላል። ጎጆ ካየህ ግን ራቅ በል፣ ለፎቶ ብለህ ቄጠማ አትስበር፣ ጫጩት ያላትን ወፍ አታስጨንቅ። እና ሐይቁ ውስጥ ጉማሬ እንዳለ አትርሳ፣ ጥቅጥቅ ወዳለው ቄጠማ ውስጥ ብቻህን በማለዳ አትግባ፣ አሳ አጥማጆቹን ጠይቃቸው፣ የት እንዳለ እነሱ ያውቁታል።

የሚበር ወፍ መለማመድ ካማረህ ያን ጥቁርና ነጩን ኪንግፊሸር ፈልገው፣ ከማላካይቷ ገዘፍ ይላል። እሱ ከውሃው በላይ አየር ላይ ክንፉን እያርገበገበ አንድ ቦታ ቀጥ ብሎ ለጥቂት ሰከንድ ይቆያል፣ ለጀማሪ እንደሱ የሚመች የለም። ኤአይ ሰርቮ (ፎከሱ የሚንቀሳቀሰውን እየተከተለ የሚሄድበት) ላይ አድርገህ፣ ተከታታይ ሾቱን አብራና ገና ሲቆም ጀምረህ ተኩስበት። ከኋላው ሰማይ ብቻ ካለ ካሜራው ስለሚታለል አንድ ስቶፕ ፕላስ (ብርሃኑን እጥፍ ማለት ነው) ጨምርበት፣ ከኋላው ጥቁር ቄጠማ ከሆነ ግን ነጩ ላባ እንዳይቃጠል ትንሽ ማይነስ አድርግ።

ሁለተኛው ነገር ሰዓት ነው፣ ለእኔ እንደውም ከሁሉም የሚበልጠው እሱ ነው። የፋይሎችህን ሰዓት ሳይ ወፎቹም ሐይቁም ሁሉም ከ10 እስከ 12 ሰዓት ማታ የተነሱ ናቸው፣ ከስራ ወጥተህ መሆን አለበት። አሁን አስበው፣ ሐዋሳ ከተማ ያለችው ከሐይቁ በስተምስራቅ ነው። ጠዋት ፀሐይ ከከተማው በኩል ከጀርባህ ትወጣና ፊት ለፊትህ ያለው ቄጠማ ላይ ታርፋለች፣ የወፏ አይን ውስጥ ሳይቀር ብርሃን ይገባል። ማታ ደሞ ፀሐይዋ ከሐይቁ ማዶ ነች፣ ወፏ በፀሐይዋና ባንተ መሀል ሆና ጥቁር ጥላ ትሆንብሃለች፣ ያንን ጥቁር ኮምፒውተር ላይ ልታበራው ስትጎትተው ነው ላባው ውሃ የሚመስለው። እና ወፍ ለጠዋት፣ ሐይቅ ለማታ፣ አትቀላቅላቸው። ከስራ በፊት ከ12፡30 እስከ 2 ሰዓት ቢኖርህ ይበቃሃል። ከ4 ሰዓት በኋላ ደሞ መሬቱ ሲሞቅ አየሩ መንቀጥቀጥ ይጀምራል፣ ያኔ የሚሊዮን ብር ሌንስ ብታመጣም ራቅ ያለ ወፍ ጥርት አይልም።

የጀንበሩን ነገር ቶሎ ልበለው። ሰማዩና ጀልባው የብርሃናቸው ልዩነት ካሜራህ በአንድ ሾት ከሚይዘው በላይ ስለሆነ ነው። ሮው (ካሜራው ያላቀነባበረው ፋይል) አንሳ፣ ኤቪ (ኤፉን አንተ የምትመርጥበት ሞድ) ላይ ኤፍ 8፣ አይኤስኦ 100፣ ትራይፖድ ላይ (ስታቢላይዘሩን እዛ ላይ አጥፋው)፣ ከዛ ብራኬቲንጉን (አንዱን ፎቶ በተለያየ ብርሃን ደጋግሞ የሚያነሳውን) ፕላስ ማይነስ 2 ላይ አድርገህ ሶስት ሾት ውሰድና ኮምፒውተር ላይ አዋህዳቸው። ብዙ ጊዜ ከሰዓት በኋላ ንፋስ ስላለ ጀልባው ይወዛወዛል፣ ሶስቱ ሾት አይገጣጠሙም፣ ያኔ ለሰማዩ ብለህ አንድ ብቻ አንሳና ጀልባው ጥቁር ቅርፅ ሆኖ ይቅር፣ ምን አለበት? ያ ጥቁር እኮ ስህተት አይደለም፣ ስህተቱ አንተ ጋ ሶስት ጀልባ ተደራርቦ አንድ ጥቁር ጉብታ መሆኑ ነው፣ ሁለት እርምጃ ወደ ጎን ብትል ተለያይተው ይታዩ ነበር። ሌላው፣ ሐይቁ በአራቱ ፎቶ ላይ ወደ ቀኝ እየፈሰሰ ነው፣ ላይቭ ቪው (በስክሪኑ እያየህ የምታነሳበት) ላይ የግሪድ መስመሩን አብራና የውሃውን ጠርዝ ከሱ ጋር አስተካክል። እና ፀሐይዋ እንደጠለቀች ካሜራህን አትጠቅልል፣ ሰው ሁሉ ሲሄድ ነው ቀለሙ የሚመጣው፣ ሃያ ደቂቃ ቆይ።

አንድ ነገር ቀረኝ፣ ሌንስህ ላይ ፊልተር እንዳለ በሦስተኛው ፎቶ ነፀብራቁ ያሳብቃል። እኔ ያኔ ስጀምር በርካሽ የገዛሁት ዩቪ ፊልተር ነበረኝ፣ ከየት እንደገዛሁት ይቅር፣ ሁለት ወር ሙሉ ሌንሱ ሞቷል ብዬ ስጨነቅ ኖሬ ጠጋኝ ጋ ስወስደው ሰውዬው ምንም ሳይናገር ፊልተሩን ፈቶ ጠረጴዛው ላይ አስቀመጠና አንድ ፎቶ አንስቶ አሳየኝ። ገንዘብም አልተቀበለኝም፣ ሳቀብኝ እንጂ። ስለዚህ ዛሬ ማታ ቤት ውስጥ የአምቦ ውሃ ጠርሙስ 4 ሜትር ላይ አስቀምጥ፣ ካሜራውን ትራይፖድ ላይ፣ ስታቢላይዘር ጠፍቶ፣ በሁለት ሰከንድ ታይመር፣ በ250 አንዴ ከነፊልተሩ አንዴ ያለፊልተሩ አንሳና ወረቀቱ ላይ ያለውን ትንሿን ፅሁፍ አስተያይ። ያለፊልተሩም ካልተነበበ ያኔ ችግሩ ሌንሱ ጋ ሊሆን ይችላል፣ ሁለቱንም እንደ ፋይል አድርገህ ላክልኝ።