አንድ ሄድሴት ለስድስት ሰው፦ በዓይን መግባት ያዋጣል?

«አንድ ሄድሴት (ዓይን ላይ የሚጠለቅ የኮምፒውተር መነጽር) ለስድስት ልንጋራ ነው። ፒኑን ትተን በዓይን ብቻ ብንገባስ? የዓይናችን ምስልስ የት ይቀመጣል?» ላላችሁት፦

መሥሪያ ቤት ውስጥ የጋራ ሄድሴቶችን የማስተዳድረው እኔ ነኝ። በዓይን ግቡ፣ ፒኑን ግን አትተዉት።

እኛ የጀመርነው በፒን ብቻ ነበር። አየር ላይ በሚታየው ሰሌዳ ቁጥር ስትነኩ ጣታችሁ የት የት እንደሚሄድ አጠገባችሁ ያለው ሁሉ ያያል። አንዱ ባልደረባዬ የኔን ፒን በጣቱ አየር ላይ ደገመልኝ። ሳቅን፤ እኔ ግን ወዲያው ቀየርኩት። ከዚያ «ምን አለፋን» ብለን ሁላችንም በአንድ አካውንት መግባት ጀመርን። የባሰው ስህተት እሱ ነው። አንድ ቀን የሥራ ፋይል ተሰርዞ አገኘን። መዝገቡ ላይ ያለው ያው አንድ ስም ነው። ማን እንደሰረዘው እስከዛሬ አላወቅንም።

ስለዚህ ቅድሚያ ለየራሳችሁ አካውንት ይኑራችሁ። እዚህ ላይ የሄድሴቱ ዓይነት ይወስናል። ሆሎሌንስ 2 ብዙ የመሥሪያ ቤት አካውንቶችን ይይዛል፤ ስታጠልቁት አይሪሳችሁን (በዓይን ብሌን ዙሪያ ያለውን ባለቀለም ክብ) አይቶ በየራሳችሁ አካውንት ያስገባችኋል። ማይክሮሶፍት ግን በ2024 እ.ኤ.አ. ማምረቱን አቁሟል። አፕል ቪዥን ፕሮ ላይ በኦፕቲክ አይዲ (የአፕል የዓይን መግቢያ) የሚመዘገበው አንድ ሰው ብቻ ነው፣ ሌላው በእንግድነት ይገባል። ለስድስት ሰው እኔ አልመርጠውም። ሜታ ክዌስት 3 ጭራሽ በዓይን አያስገባም።

ጥቁር ዓይን አያስቸግረውም ወይ የሚሉኝ አሉ። ካሜራው የሚያየው በኢንፍራሬድ (ለዓይን በማይታይ) ብርሃን ስለሆነ የጥቁር ቡናማ አይሪስም መስመር ቁልጭ ብሎ ይወጣል። እኛን ያስቸገረን አጠላለቁ ነው። አንዷ ልጅ በተደጋጋሚ እምቢ አላት። ለካ ሄድሴቱ አፍንጫዋ ላይ ወርዷል። ከፍ አድርጋ ከኋላ ስታጠብቀው ወዲያው ገባች። ሌላው ግራ የሚያጋባው፣ ሄድሴቱ የሚያሳያቸውን ነጥቦች በዓይን መከተል ምዝገባ የሚመስለው ሰው ብዙ ነው። አይደለም። እሱ የዕይታ ማስተካከያ ነው፤ የአይሪስ ምዝገባ ለብቻው ነው የሚደረገው።

የዓይናችሁን ምስል በተመለከተ፣ በሆሎሌንስ 2ም በቪዥን ፕሮም ላይ የሚቀመጠው ፎቶ ሳይሆን ከአይሪሱ የተሰላ መለያ ነው፤ ያውም እዚያው ሄድሴቱ ውስጥ ተመስጥሮ። መተግበሪያዎች አያገኙትም። ቢሆንም የተሰረቀ ፒን ይቀየራል፣ ዓይን አይቀየርም። ከመካከላችሁ የሚለቅ ሰው ካለ አካውንቱን በዚያው ቀን ከሄድሴቱ አጥፉ።

ፒኑን አትተዉ ያልኩት ለዚህ ነው፦ ቪዥን ፕሮ ለምሳሌ ጠፍቶ ሲነሳ ፓስኮድ (የሱ ፒን) ካልገባለት ዓይን አይቀበልም። እኛ ጋ ከጥቂት ወራት የዓይን መግቢያ በኋላ ሦስት ሰዎች ፒናቸውን ረስተው ቁጭ አሉ። አንዱ እኔ ነበርኩ። አሁን ሰኞ ሰኞ ሁሉም በፒን ነው የሚገባው።