ጠበቃ ከመያዝህ በፊት የእናትህን ካርድ ሙሉ ኮፒ አውጣ

ወንድሜ፣ «እናቴ ከቀዶ ሕክምና በኋላ ከባድ ጉዳት ደርሶባታል፤ የጤና ሕግ የሚያውቅ ጠበቃ ከየት ነው የሚገኘው?» ብለህ የጠየቅከውን አይቼ ዝም ብዬ ማለፍ አልቻልኩም። በመጀመሪያ እግዚአብሔር ይማርልህ። እኛ ቤት የደረሰው በአባቴ ነው። የሐሞት ከረጢቱን ሊያወጡለት ገብተው የሐሞት ቧንቧውን ቆረጡት። ያወቅነውም ሌላ ሆስፒታል ከወሰድነው በኋላ ነው። ጉዳዩ አልቆ ካሳውን አግኝቷል፣ ተመስገን። ግን የደከምነው ድካም ግማሹ የማያስፈልግ ነበር፤ አንተ እንዳትደግመው ነው የምጽፈው።

1. ለማንም ጠበቃ ከመደወልህ በፊት ካርዷን አስወጣ። ሲወጡ የሚሰጡትን አንድ ገጽ ማጠቃለያ ማለቴ አይደለም። የቀዶ ሕክምናው ማስታወሻ፣ የማደንዘዣው መዝገብ፣ የነርሶች መከታተያ፣ መድኃኒት የተሰጠበት ሰዓት፣ የላብራቶሪ ውጤት፣ የፈረመችበት የስምምነት ቅጽ፣ ሲቲ ስካን ካለ በሲዲ። ጥያቄውን በጽሑፍ አስገባ፣ የአንተን ኮፒ «ደርሶናል» አስብለህ አስፈርም። የታካሚው መብት ነው። አሜሪካ ውስጥ ሂፓ የሚባለው ሕግ ለሆስፒታሉ 30 ቀን ይሰጠዋል፣ አንዴ ብቻ ማራዘም ይችላል። እንግሊዝ አገር አንድ ወር ነው፣ በአብዛኛው ያለ ክፍያ።

ለምን እንዲህ አጥብቄ እንደምነግርህ ልንገርህ። የመጀመሪያው ጠበቃችን በመሬትና በውርስ ክርክር ስም ያለው ሰው ነበር። ዘመድ ነው የጠቆመን። ታሪኩን ሰምቶ በጣም ተናደደ፣ ወዲያው ለሆስፒታሉ ማስጠንቀቂያ ጻፈ። እኛም ቆራጥ ሰው አገኘን ብለን ደስ አለን። ካርዱን ግን አላየውም፤ አልጠየቀምም። ደብዳቤው ከገባ በኋላ ካርድ ክፍል ስንሄድ በመስኮቱ በኩል የተቀመጠው ሰውዬ ቀና ብሎ እንኳን ሳያየን «ካርዱ ሕግ ክፍል ሄዷል» አለን። ሕግ ክፍል ስንሄድ «ካርድ ክፍል ጠይቁ»። አባቴ ሆዱ ላይ የፍሳሽ ቱቦ እንደተገጠመለት ኮሪደር ላይ ቆሞ ነው ይህ ሁሉ የሚሆነው። አንድ ወንበር እንኳን አላቀረቡለትም። ይህን እስከ ዛሬ አልረሳሁትም። በኋላ የተሰጠን ኮፒ ደግሞ የማደንዘዣው መዝገብ የለበትም፤ እሱን ለማስመጣት የፍርድ ቤት ትእዛዝ አስፈለገ። ደብዳቤው ሳይገባ ብንጠይቅ ኖሮ ተራ የኮፒ ጥያቄ ነበር።

2. ጠበቃው ለማን እንደሚቆም ጠይቅ። «የጤና ሕግ» ሲባል ሰፊ ነው። የክሊኒክ ፈቃድ የሚያስፈጽም አለ፣ የሆስፒታል ውል የሚያዘጋጅ አለ፣ ለኢንሹራንስ የሚከራከር አለ። ሁሉም የጤና ሕግ ጠበቃ ነኝ ይልሃል፣ አልዋሸም። አንተ የምትፈልገው ግን በታካሚ በኩል ቆሞ የሐኪም ስህተት የተከራከረ ሰው ነው። ስለዚህ ዝርዝሩን ከማውራትህ በፊት የሆስፒታሉንና የሐኪሙን ስም ስጥና «ከእነዚህ ጋር ሠርተህ ታውቃለህ?» በለው። እኛ ያማከርነው አንዱ ሁሉንም ነገር አስወርቶን ሲያበቃ የሆስፒታሉ ኢንሹራንስ ደንበኛው መሆኑን ነገረን። ይሄ መጀመሪያ የሚባል ነገር አልነበረም? ፈቃዱ የጸና መሆኑንም ፈቃድ ከሚሰጠው መሥሪያ ቤት አረጋግጥ፤ ማንም አይቀየምህም።

3. «እናሸንፋለን» የሚልህን ተወው። በመጨረሻ ያገኘናት ጠበቃ ምንም ቃል አልገባችልንም። መጀመሪያ የጠየቀችን ጉዳቱ የደረሰበትን ቀን ነው። የክስ ጊዜ ካለፈ ሌላው ሁሉ ዋጋ የለውም፣ ገደቡም እንደየአገሩ ነው። በኢትዮጵያ የፍትሐ ብሔር ሕግ አንቀጽ 2143 ከውል ውጪ የሚቀርብ የካሳ ጥያቄ 2 ዓመት ነው ያለው። እንግሊዝ ውስጥ ጉዳቱ ከደረሰበት ወይም ከታወቀበት ቀን ጀምሮ 3 ዓመት ነው።

ከዚያ ካርዱን ይዛ ቀረች። ስንመለስ የነርሶቹን መከታተያ ዘርግታ አንድ መስመር ላይ እርሳሷን አሳረፈች። ሌሊት 9 ሰዓት፣ ሙቀት 38.9፣ «ታካሚው ሆዴን አመመኝ ይላል፣ ለተረኛ ሐኪም ተነግሯል»። በማግስቱ ጠዋት ሐኪሙ የጻፈው ደግሞ «ደህና ነው፣ ወደ ቤት ይሂድ»። እኛ ቤተሰቡ በሙሉ ስናወራ የነበረው ስለ ተቆረጠው ቧንቧ ነው። እሷ ግን ቧንቧው ጎበዝ ሐኪም እጅ ላይም ሊጎዳ እንደሚችል፣ እሱን ብቻ ይዘን ብንሄድ «የታወቀ የሕክምና ችግር ነው፣ ፈርሞበታል» ብለው እንደሚያልፉን አስረዳችን። ጥፋቱ ትኩሳቱን እያዩ ሳይመረምሩ ማስወጣታቸው ነው። ጥፋት ብቻውን አይበቃም፣ ጉዳት ብቻውንም አይበቃም፣ ጉዳቱ የመጣው በዚያ ጥፋት መሆኑ መታየት አለበት። ይህንንም ከዚያ ሆስፒታል ጋር የማይገናኝ የቀዶ ሕክምና ስፔሻሊስት አንብቦ በጽሑፍ እንዲያስረዳ አደረገች። ክሱ የተጻፈው ከዚያ በኋላ ነው። ያቺን መስመር የጻፈችውን ነርስ አላውቃትም፣ ግን ሁሌም አመሰግናታለሁ።

ስለዚህ ጠበቃ ስታነጋግር «ካርዱን ማን ነው የሚያነበው? ባለሙያ ሐኪም ታውቃለህ?» ብለህ ጠይቅ። ከተንተባተበ ሂድ ወደ ሌላ።

ክፍያን በተመለከተ፣ አንዳንዱ በሰዓት ያስከፍላል፣ አንዳንዱ ካሳ ሲገኝ በመቶኛ ይወስዳል። እኛን ያከራከረን መቶኛው አልነበረም፤ የባለሙያ ሐኪሙ ክፍያና የፍርድ ቤት ወጪ ነው። መቶኛው የሚታሰበው ወጪው ሳይቀነስ ነው ወይስ ተቀንሶ? ብንሸነፍስ ማን ይችለዋል? ውሉ ላይ ይጻፍ። ፍርድ ቤት የሚቆመው እሱ ራሱ ይሁን ረዳቱ፣ እሱም ይጻፍ።

ለሐኪሞች ተቆጣጣሪ አካል አቤት በሉ የሚሉህ ይኖራሉ። ጥሩ ነው፣ ሐኪሙን ሊቀጣው፣ ፈቃዱንም ሊያግደው ይችላል። ካሳ ግን እዚያ አይወሰንም። የእነሱን ውሳኔ ስትጠብቅ የክስ ጊዜህ እንዳያልፍ ለጠበቃህ ንገረው።

አንድ ነገር ደግሞ ዛሬውኑ ለእናትህ ንገራት። ሆስፒታሉ ቀሪ ሂሳብ እንሰርዝላችሁ ብሎ ወረቀት ካቀረበ ጠበቃ ሳያየው እንዳትፈርም። ለአባቴ አምጥተውለት ነበር፤ ከታች በትንሹ «ከዚህ በኋላ ምንም ዓይነት ጥያቄ አላነሳም» ይላል። መነጽሬን አልያዝኩም ብሎ መለሳቸው።

ጉዳቱ የደረሰበትን ቀንና ካርዱን ጠይቀህ እንደሆነ እዚሁ ጻፍልኝ። ካርድ ክፍል ያስገባነውን ማመልከቻ ስሙን አጥፍቼ እልክልሃለሁ።