ሃኒባል ደርሶ መመለስ ያዋጣል

ወንድሜ፣ ሴንት ሉዊስ ስመጣ የአሜሪካዊው ደራሲ የማርክ ትዌይን ከተማ ሃኒባል ደርሼ ብመለስ ያዋጣል ወይ ብለህ ጠይቀሃል። በደንብ ያዋጣል! በመኪና ሁለት ሰዓት ገደማ ነው።

ደራሲው የተወለደው በ1835 እ.ኤ.አ. ፍሎሪዳ በምትባል የሚዙሪ መንደር ነው። ሃኒባል የገባው በአራት ዓመቱ ነው። ያኔ ሚሲሲፒ ወንዝ ላይ የእንፋሎት መርከቦች ይመላለሱ ነበር። አባቱ በ1847 ሲሞቱ ልጁ ማተሚያ ቤት ገብቶ ሥራ ጀመረ። ኋላም ራሱ በዚያው ወንዝ ላይ መርከብ ነዳ።

ያደገበት ቤት ከ1912 ጀምሮ ሙዚየም ነው። ከከተማዋ አጠገብ ያለው ዋሻ ግን እንዳያመልጥህ። በደራሲው ልቦለድ ውስጥ ልጆቹ ቶም ሶየርና ቤኪ ለጠፉበት ዋሻ መነሻው ይሄ ነው። የሚገባው ከአስጎብኚ ጋር ነው። በሐምሌ ሙቀት እንኳ ውስጡ 11 ዲግሪ ሴንቲግሬድ አካባቢ ስለሆነ ሹራብ ያዝ።

አንድ ነገር አደራ! ሚዙሪ ያኔ ባርነት የተፈቀደባት ግዛት ነበረች። ልጁም ያደገው ይህን እያየ ነው። የሃኒባልን ጥቁሮች ታሪክ የሚናገር «ጂምስ ጆርኒ» የሚባል ትንሽ ሙዚየም አለ። እሱን ሳታይ ከተማዋን አየሁ አትበል። የሚከፈትበትን ቀን ግን ቀድመህ አጣራ።