ላንዶ ኖሪስ ስፓ ላይ የተጋጨው ልጅነት ይዞት ነው?

ጥያቄ፦

ጤና ይስጥልኝ። ፎርሙላ ዋን መከታተል ከጀመርኩ ገና ሁለት ዓመቴ ነው። ሰሞኑን የድሮ ውድድሮችን ሳይ የሹፌሩን የላንዶ ኖሪስን ግጭት አገኘሁና እስካሁን ከዓይኔ አልጠፋም። እ.ኤ.አ. በ2021 የቤልጂየም ውድድር፣ ስፓ በሚባለው ሜዳ፣ የእሑዱን መነሻ ቦታ የሚወስነው ማጣሪያ ላይ ነው፤ ዝናብ ይዘንባል፣ መኪናው አጥሩን መትቶ እንደ እንዝርት ይሾራል፣ ጎማው ይበታተናል። አብሮኝ ያየው ታላቅ ወንድሜ «ልጅነት ነው፣ ነዳጅ ለቀቅ ቢያደርግ ምን ነበረበት?» ብሎ ዘጋው። እኔ አልተዋጠልኝም፣ ግን መልስ አጣሁ። እርስዎ ምን ይላሉ? ደግሞስ ከዚያ በኋላ አልፈራም?

መልስ፦

ወንድሜ፣ እኔም አልተዋጠልኝም። ያን ቅዳሜ፣ ኦገስት 28፣ በቀጥታ እያየሁ ነበር። መኪናው መሽከርከሩን እስኪያቆም ከመቀመጫዬ ተነስቼ ቆሜ ነበር፤ ልጁ ደህና መሆኑ እስኪነገር ድረስ መቀመጥ አልቻልኩም።

ኖሪስ ያኔ 21 ዓመቱ ነው። በማጣሪያው የመጀመሪያ ዙር አንደኛ ነበር፣ በሁለተኛውም አንደኛ። በዝናብ መንዳት የማያውቅ ልጅ እንዲህ አያደርግም። ሦስተኛው ዙር ላይ ግን ዝናቡ በረታ። የአራት ጊዜ የዓለም ሻምፒዮኑ ሰባስቲያን ቬትል ቀይ ባንዲራ ይውጣ፣ ማጣሪያው ይቁም ብሎ በሬዲዮ ተናገረ። አልቆመም። ከዚያ ኖሪስ ወደ ኦ ሩዥ ወረደ።

ኦ ሩዥ ቁልቁለቱ የሚያልቅበት ቦታ ነው። ወዲያው ራዲዮን የሚባለው ዳገት ይቀበልሃል። ግራ፣ ቀኝ፣ ከዚያ ጫፉ ላይ እንደገና ግራ፤ ከጫፉ ማዶ ያለውን ደግሞ አታየውም። ለከባድ ዝናብ የተሠራው የፒሬሊ ጎማ በሰዓት 300 ኪሎ ሜትር ሲነዳ በሰከንድ እስከ 85 ሊትር ውሃ ይገፋል። ውሃው ከጎማው አቅም በላይ ከሆነ ግን ጎማው አስፋልቱን ይለቅና ውሃው ላይ ይንሳፈፋል። ያኔ መሪ ብታዞርም፣ ፍሬን ብትይዝም መኪናው አይሰማህም።

«ነዳጅ ለቀቅ ቢያደርግስ?» ላለው ወንድምህ፣ በእኛ መንገድ ልክ ነው፤ ዝናብ ሲመጣ ቀስ እንላለን። የፎርሙላ ዋን መኪና ግን ቀስ ሲል ጎማውና ፍሬኑ ይቀዘቅዛል፣ መኪናውን ወደ መሬት የሚጫነው የነፋስ ኃይልም ይቀንሳል። ስለዚህ ቀስ ማለት ሁልጊዜ አያድንም። ሌላም ነገር አለ። በሦስተኛው ዙር አሥር ሹፌሮች ናቸው ያሉት። አንዱ ለብቻው ቢተወው ዘጠኙ ይቀጥላሉ፣ እሱ ነገ ከአሥረኛ ቦታ ይነሳል። ለዚህ ነው ቁም የሚል ዳኛ የተቀመጠው! ያን ቀን ጥፋቱ የልጁ አይደለም፤ ማቆም የነበረበት ሰው ዘገየ። ይህን ያኔም ብዬዋለሁ፣ ዛሬም እላለሁ።

እኔን ያስደነገጠኝ ደግሞ ቦታው ነው። ከሁለት ዓመት በፊት፣ በ2019፣ እዚያው ራዲዮን ላይ ከፎርሙላ ዋን በታች ያለው የፎርሙላ ቱ ሹፌር አንትዋን ዩበር በ22 ዓመቱ ሞቷል። አጥሩ መኪናን መልሶ ወደ መንገዱ መሀል ይወረውራል፣ ከኋላ የሚመጣው ደግሞ አያይም። የኖሪስም መኪና እንዲሁ ነው ወደ መንገዱ የተመለሰው። ከኋላው ሌላ መኪና ተጠግቶ ቢሆንስ? ቬትል ሲደርስ ፍጥነቱን ቀንሶ ከተሰባበረው መኪና አጠገብ ቆመ፣ ልጁ ደህና መሆኑን አይቶ ነው የሄደው። አልፎ ቢሄድ ማንም አይወቅሰውም ነበር። እኔ ግን ያቺን መቆም እስካሁን አልረሳትም።

ኖሪስ ሆስፒታል ተወስዶ ክርኑ ራጅ ተነሳ፣ ደህና ነው ተባለ፣ በማግስቱም መኪናው ውስጥ ነበር። እሑድ ግን ዝናቡ ጭራሽ ባሰ፤ ሁሉንም በዝግታ ከሚመራው ሴፍቲ ካር ኋላ ጥቂት ዙር ብቻ ተነድቶ የወትሮው ነጥብ ግማሽ ታደለ። ለ2022 ራዲዮን ላይ ከመንገድ የወጣ መኪና የሚያርፍበት ቦታ ሰፋ፣ ጠጠርም ተደረገበት። ጥሩ ነው፣ ግን የዝናቡን ነገር አልፈታውም።

ፈራ ወይ ላልከኝ፣ በሁለት ሳምንቱ ጣሊያን፣ ሞንዛ ላይ ሁለተኛ ወጣ። በወሩ ሩሲያ፣ ሶቺ ላይ፣ ያውም እርጥብ መንገድ ላይ፣ በሕይወቱ የመጀመሪያውን ፖል ፖዚሽን፣ ማለትም የአንደኝነት መነሻ ቦታ፣ ያዘ። ውድድሩንም እየመራ ሊጨርስ ጥቂት ዙር ሲቀረው ዝናብ ጣለ። ቡድኑ ጎማ እንቀይር ወይ ሲለው አይሆንም ብሎ ለደረቅ መንገድ በተሠራው ጎማ ቀጠለ፣ ተንሸራተተ፣ ሰባተኛ ሆኖ ጨረሰ። እዚያ ላይ ምርጫው የራሱ ነበር። ወንድምህ ሶቺን ልጅነት ነው ካለ አልከራከረውም። ስፓን ግን አልሰጠውም።