«የት ነው የምታድረው?» የታይላንድ ኑሮና ወረቀት፣ ጥያቄና መልስ

ባንኮክ ከገባሁ 11 ዓመት አለፈኝ። እናቴን ላሳክም መጥቼ በዚያው ቀረሁ። አሁን ለሕክምና ለሚመጡ ወገኖች አስተርጓሚ ነኝ። ሥራዬ ግን ሆስፒታሉ በር ላይ አያበቃም። በሽተኛው ሲሻለው አስታማሚው ቪዛ ያልቅበታል። ከዚያ ወዲያ ኢሚግሬሽን፣ አከራይ፣ ፎቶ ኮፒ ቤት ነው። ጥያቄ ያላችሁ አምጡ ብዬ ነበር፤ ጉድ ፈላ። የሚመሳሰሉትን አንድ ላይ አድርጌያለሁ። ጠበቃ አይደለሁም፤ ያየሁትንና የደረሰብኝን ነው የምነግራችሁ። ክፍያና ደንብ ስለሚቀያየር ከመሄዳችሁ በፊት 1178 ደውሉ፤ የኢሚግሬሽን መስመር ነው።

ጥያቄ፦ እህቴ፣ ከመጣሁ ሦስት ሳምንቴ ነው። ሰው ሁሉ «ቲኤም 30 አለህ?» ይለኛል። ምንድን ነው እሱ?

መልስ፦ አይዞህ፣ ሁሉም የሚጀምረው ከዚህ ነው። የታይላንድ መንግሥት ስለ ውጭ ዜጋ ከሁሉ በፊት ማወቅ የሚፈልገው ሌሊት የት እንደሚያድር ነው። ቲኤም 30 የዚያ መልስ የሚሞላበት ቅጽ ነው። በ1979 የወጣው የኢሚግሬሽን ሕግ፣ የውጭ ዜጋ ያሳደረ የቤት ባለቤት በ24 ሰዓት ውስጥ ያሳውቅ ይላል። ሆቴል ካረፍክ ፓስፖርትህን ሲቀበሉ ራሳቸው ይጨርሱታል፤ አንተ አታውቀውም። ጣጣው ቤት ስትከራይ ነው። ግዴታውም ቅጣቱም የአከራዩ ነው፤ ወረቀቱ ሲታጣ የሚንከራተተው ግን አንተ ነህ።

ቪዛ ልታራዝም ስትሄድ ይጠይቁሃል። የመኖሪያ ማረጋገጫ ልታወጣ ስትል ይጠይቁሃል። የመኖሪያ ማረጋገጫ ከሌለህ ደግሞ መንጃ ፈቃድ የለም፤ ባንክም ፊቱን ያዞርብሃል። ስለዚህ ቤት ስታይ ስለ ውሃው ግፊት ከመጠየቅህ በፊት «ቲኤም 30 ታስመዘግባለህ ወይ?» በል። ካቅማማ ሌላ ቤት ፈልግ። ሲያስመዘግብ ከቅጹ ግርጌ የሚቆረጥ ትንሽ ወረቀት ይሰጣል። እሷን ፓስፖርትህ ውስጥ አስይዛት። የእኔን አንድ ጊዜ ከሱሪ ኪስ ጋር አጥቤያት ለሁለተኛ ጊዜ አከራዬን ደጅ ጠንቻለሁ።

ብዙውን ጊዜ የሁለት ወር መያዣና የአንድ ወር ቅድሚያ ትከፍላለህ። መብራት በቆጣሪ ነው ሲሉህም በማን ዋጋ እንደሆነ ጠይቅ። አንዳንዱ አከራይ ከመብራት ኃይሉ ታሪፍ አስበልጦ ያስከፍላል፤ ኤሲ እያበራህ የምታድር ከሆነ ወሩ መጨረሻ ላይ ታለቅሳለህ።

ጥያቄ፦ ልጄ፣ ለልብ ሕክምና ነው የመጣሁት። ሐኪሙ ሁለት ወር ይቆዩ አለኝ፤ ቪዛዬ ግን 12 ቀን ነው የቀረው። ልጄም አብሮኝ አለ።

መልስ፦ እግዜር ይማርዎት አባቴ። 12 ቀን ይበቃል፤ ግን ነገ ይጀምሩ። ሆስፒታሉ ለኢሚግሬሽን ደብዳቤ ይጻፍልዎት። ሕመሙና ሕክምናው የሚወስደው ጊዜ በግልጽ መጻፍ አለበት። «ክትትል ያስፈልገዋል» ብቻ ከሆነ ይመልሱዎታል። ለልጅዎ ለብቻው፣ አስታማሚ መሆኑን የሚገልጽ ደብዳቤ ያስጽፉ። ዝምድናችሁን የሚያሳይ የልደት ወረቀትም ይያዝ። ቅጹ ቲኤም 7 ይባላል፤ ክፍያው ለአንድ ሰው 1,900 ባት ነው።

ቦታው ባንኮክ ከሆነ ጄንግ ዋታና ያለው የመንግሥት ሕንፃ ነው። በጠዋት ይሂዱ። በፈረንጅ ሰዓት ከ12 እስከ 1 ምሳ ነው፤ የታይ ምሳ ቀልድ የለውም። እያንዳንዱ ፎቶ ኮፒ ላይ መፈረም አለብዎ፤ ሁሉም ላይ፣ በሰማያዊ እስክሪብቶ። እኔ ቦርሳዬ ውስጥ ሁለት አይጠፋም። ፎቶና ኮፒ እዚያው ሕንፃ ውስጥ ታች አለ። ቁምጣና ነጠላ ጫማ ለብሰው አይሂዱ፤ እርስዎ አያደርጉትም፣ ለልጅዎ ይንገሩት።

አንድ ነገር ደግሞ። የጎደለ ወረቀት አለ ብለው ከመለሱዎት ድምፅ ከፍ ማድረግ በር ይዘጋል። እኛ ስንጨነቅ ድምፃችን ይጨምራል፤ እነሱ ያንን ቁጣ ብለው ነው የሚያነቡት። «ጃይ የን የን» ይላሉ፤ ልብህን አቀዝቅዘው እንደማለት ነው። ፈገግ ብሎ «ምን ልጨምር?» ያለ ሰው ብዙ ጊዜ በዚያው ቀን ይጨርሳል።

ጥያቄ፦ የ90 ቀን ሪፖርት አድርጌያለሁ። ስለዚህ ሌላ 90 ቀን መቆየት እችላለሁ ማለት ነው?

መልስ፦ አትችይም! ይሄ ስህተት ስንቱን አስለቅሷል። በየ90 ቀኑ ለኢሚግሬሽን የሚቀርበው ሪፖርት «አሁንም እዚያው ነው የማድረው» ማለት ብቻ ነው። ቪዛ አያራዝምም። ወረቀቱ ላይ የሚጻፈው ቀን ቀጣዩ የሪፖርት ቀን እንጂ የመቆያ ቀንሽ አይደለም። የመቆያ ቀንሽ ፓስፖርትሽ ማህተም ላይ ያለው ነው። ሪፖርቱን ከቀኑ 15 ቀን ቀድሞ ጀምሮ እስከ 7 ቀን አሳልፎ ማቅረብ ይቻላል። ከዚያ ካለፈ 2,000 ባት ነው።

የመቆያ ቀን ካለፈ ግን ነገሩ ሌላ ነው። በቀን 500 ባት፣ ጣሪያው 20,000። ገንዘቡ ቀላሉ ነው። ከ90 ቀን በላይ ካሳለፍሽ በራስሽ ፈቃድ ብትወጪም ለአንድ ዓመት አትመለሺም። መንገድ ላይ ከተያዝሽ ደግሞ ጥቂት ቀን ብቻ ቢሆንም እገዳው 5 ዓመት ነው።

ጥያቄ፦ ለአባቴ ተዝካር አገር ቤት ደርሼ ልመለስ ነው። ቪዛዬ ገና አምስት ወር አለው፤ ሌላ ነገር ያስፈልጋል?

መልስ፦ ያስፈልጋል፤ እኔ በገንዘቤ የተማርኩት ነው። የአጎቴን መርዶ በሌሊት ሰምቼ በማግስቱ በረርኩ። ዘጠኝ ወር የቀረው ፈቃድ ነበረኝ። ስመለስ የፓስፖርት መኮንኑ ገጹን አገላበጠ፣ አገላበጠና «ይሄ ሞቷል» አለኝ። የመመለሻ ፈቃድ ሳታወጪ ከወጣሽ የተራዘመው ቆይታ በወጣሽበት ሰዓት ያበቃል። ከዜሮ ጀመርኩ። ለአንድ ጊዜ 1,000 ባት ነው፤ ለተደጋጋሚ ጉዞ 3,800። ሱቫርናቡሚ አየር ማረፊያም ከመውጣትሽ በፊት ይሠሩልሻል። ለቅሶ ቀጠሮ ስለማይሰጥ እኔ አሁን የተደጋጋሚውን ነው የምይዘው።

ስትመለሺ ዲጂታል የመግቢያ ካርዱን ከመድረስሽ በፊት ባሉት ሦስት ቀናት ውስጥ ሙዪ። ከግንቦት 2025 ጀምሮ የወረቀቱን ቦታ የያዘው እሱ ነው። ነፃ ነው፤ ገንዘብ የሚጠይቅ ገጽ ካየሽ አጭበርባሪ ነው። የቢጫ ወባ ካርድሽንም አትርሺ፤ ከኢትዮጵያ ለሚነሳ ግዴታ ነው።

ጥያቄ፦ የኪራይ ውሌ ላይ 2569 ይላል። ምን ልፈርም?

መልስ፦ ፈርም፣ ትክክል ነው። ታይዎች የሚቆጥሩት በቡድሃ ዘመን ነው፤ ከፈረንጁ 543 ይበልጣል። 2569 ማለት 2026 ነው። ከኛ ጋር ሲነጻጸር ከመስከረም እስከ ታኅሣሥ 22 ገደማ ድረስ 550፣ ከዚያ በኋላ 551 ጨምርበት። ገና እንደመጣሁ ወተት ላይ ማብቂያው 58 ይላል፤ በ1958 የታለበ መስሎኝ መደርደሪያው ላይ መልሼዋለሁ። ቀልዱ ይቅርና፣ የልደት ወረቀትህ በኢትዮጵያ አቆጣጠር ከሆነ ተርጓሚው ወደ ፈረንጅ መቀየሩን አረጋግጥ። አለበለዚያ ፓስፖርትህና ልደትህ የሁለት ሰው ይሆናሉ።

የሚያስደስት ነገር ልንገርህ። የማታ ሰዓታቸው የኛው ነው። ፈረንጅ 8 ሰዓት የሚለውን ምሽት እነሱ «ሶንግ ቱም» ይሉታል፤ ሁለት ማለት ነው። ከምሽቱ ሁለት ሰዓት! የታይ ጓደኛዬ ስትቀጥረኝ ማታ ማታ ሒሳብ አልሠራም።

ጥያቄ፦ ስሜ የባለቤቴ የቤተሰብ ስም የለውም፣ የልጄም «የቤተሰብ ስም» የባለቤቴ ስም ነው። ጸሐፊዋ ቤተሰብ አይደላችሁም አለችን።

መልስ፦ አትፍረጅባት። ታይዎችም የቤተሰብ ስም የያዙት በ1913 በንጉሥ ቫጂራቩድ ጊዜ በወጣ ሕግ ነው፤ ከዚያ በኋላ ግን ቤተሰብ ሁሉ አንድ ስም ነው። እኛ የአባት ስም እንደምንጠራ አያውቁም። የጋብቻ ወረቀታችሁንና የልጁን ልደት ከአዲስ አበባ ሳትወጡ ውጭ ጉዳይ ማህተም አስመቱበት። እዚህ በታይኛ ሲተረጎም ደግሞ ስማችሁ በታይ ፊደል እንዴት እንደተጻፈ ያዙት። አንዱ ተርጓሚ በአንድ ፊደል፣ ሌላው በሌላ ከጻፈው በየመሥሪያ ቤቱ ሌላ ሰው ትሆናላችሁ። እኔ የስሜን የታይ አጻጻፍ በስልኬ ፎቶ ይዤ ነው የምዞረው። ያም ሆኖ በየቀኑ ኑሮ አገርሽ ያለሽ ይመስልሻል፤ በራስሽ ስም ነው የሚጠሩሽ፣ «ኩን» ብለው ከፊቱ አክብረው።

ጥያቄ፦ ወንድሜን ታይላንድ የኮምፒውተር ሥራ አለ፣ ምግብና መኝታ ችለው በዶላር ይከፍላሉ ብለውታል። ትኬቱንም እነሱ ይቆርጣሉ። ይምጣ?

መልስ፦ እባክሽ አይምጣ። ይሄን ረጋ ብዬ መመለስ ያቅተኛል።

በታይላንድ በሕግ መሥራት ማለት የሥራ ቪዛና የሥራ ፈቃድ ማለት ነው። በደንቡ ኩባንያው ለአንድ የውጭ ሠራተኛ አራት ታይ መቅጠር፣ 2 ሚሊዮን ባት ካፒታልም ማስመዝገብ አለበት። ይሄን ሁሉ ጣጣ ችሎ፣ ታይኛ የማይችል ልጅ ሳያየው ከአዲስ አበባ የሚያስመጣ ማነው? «በቱሪስት ቪዛ ግባ፣ እዚህ እንቀይርልሃለን» ካሉት እዚያው ላይ ነገሩ አልቋል።

ብዙዎቹ የሚሄዱበት ባንኮክ አይደለም። ከአየር ማረፊያ መኪና ይቀበላቸዋል፤ ወደ 500 ኪሎ ሜትር ገደማ ተነድቶ ታክ ክፍለ ሀገር፣ ሜ ሶት ከተማ ይደርሳል። ከሜ ሶት ወዲያ ሞኢ የምትባል ወንዝ ናት። ከወንዟ ማዶ ምያንማር ነው። እዚያ ያሉት ግቢዎች ሰው በግድ የኢንተርኔት ማጭበርበር የሚሠራባቸው ናቸው፤ ፓስፖርት ይነጠቃል፣ ድብደባ አለ፣ ለመውጣት ገንዘብ ይጠየቃል። በየካቲት 2025 ወደ 260 የሚሆኑ ሰዎች ተለቀው ወንዙን ሲሻገሩ ከግማሽ በላይ የኛው ልጆች ነበሩ።

ወንድምሽ ቀድሞ መጥቶ ከሆነና መኪናው ከባንኮክ ወጥቶ ወደ ሰሜን ምዕራብ ከዞረ፣ መንገዱ ላይ የፖሊስ ኬላ አለ። እዚያ ይናገር። «ሄልፕ» ትበቃለች። የቱሪስት ፖሊስ 1155፣ ፖሊስ 191፣ የሰዎች ዝውውር መጠቆሚያ 1300 ነው። ወንዙን ሳይሻገር፤ ከተሻገረ የታይ ፖሊስ አይደርስለትም።

ጥያቄ፦ ታይ ልጅ ላገባ ነው። ምን ይጠብቀኛል?

መልስ፦ እንኳን ደስ ያለህ። የሚቆጠረው ድግሱ ሳይሆን ወረዳው ላይ ያለው ምዝገባ ነው። ያላገባህ መሆንህን የሚገልጽ ወረቀት፣ ተተርጉሞ በታይ ውጭ ጉዳይ የተረጋገጠ ይፈልጋሉ። በትዳር ምክንያት ታይላንድ ለመቆየት 400,000 ባት ለሁለት ወር ባንክ ውስጥ የተቀመጠ ወይም በወር 40,000 ገቢ ማሳየት አለብህ። ቢጫውን የቤት ደብተር፣ «ታቢየን ባን» የሚሉትን፣ አውጣ፤ አድራሻህን ስለሚያረጋግጥ ከብዙ ምልልስ ያድንሃል። መሬት ግን በስምህ አይሆንም።

ጥያቄ፦ መንጃ ፈቃድ?

መልስ፦ የመኖሪያ ማረጋገጫና የሐኪም ወረቀት ይዘህ ትራንስፖርት መምሪያ ትሄዳለህ። ቀለም መለየት፣ ፍሬን የመርገጥ ፍጥነት፣ ርቀት የመገመት ፈተና አለ። መጀመሪያ የሁለት ዓመት፣ ቀጥሎ የአምስት ዓመት ይሰጡሃል። የሞተር ለብቻው ነው፤ ያለሱ ስትጋጭ ኢንሹራንሱ አይከፍልህም። የሚነዳው በግራ ነው። እግረኛም ሆነህ መጀመሪያ ወደ ቀኝ እይ።

ጥያቄ፦ ሳላውቅ እንዳላስቀይም የምትነግሪኝ ካለ?

መልስ፦ ጫማ ደፍ ላይ ይወልቃል፤ ቤተ ክርስቲያን የምንሄድ ሰዎች ይሄ አይከብደንም። የሰው ራስ አይነካም፣ የሕፃንም ቢሆን። እግርሽን ወደ ሰው ወይም ወደ ቡድሃ ምስል አትዘርጊ። በጠዋቱ 8 እና በ6 ሰዓት ምሽት በፈረንጅ ሰዓት መዝሙር ሲሰማ ሰው ከቆመ ቁሚ። ስለ ንጉሡ ቤተሰብ አትቀልጂ፤ ቅጣቱ ከ3 እስከ 15 ዓመት እስር ነው። ጫት በሻንጣ እንዳታመጪ፣ እዚህ አደንዛዥ ዕፅ ነው። ነጩን ሰው «ፋራንግ» ሲሉ ከሰማሽ አትደነቂ፣ የኛው «ፈረንጅ» ዘመድ ነው። ዘይቱናንም ፋራንግ ይሏታል፤ ገበያ ላይ «ፋራንግ በኪሎ» ሲሉ መጀመሪያ ሳቄን መቆጣጠር አቅቶኝ ነበር።

ጥያቄ፦ ኮንዶ ውስጥ ቡና መቁላት ይቻላል?

መልስ፦ ይቻላል፤ በረንዳ ላይ። እኔ የመጀመሪያውን ጊዜ ሳሎን ቆላሁና የጭስ ደወሉ ሕንፃውን አናወጠው። ዘበኛው ማጥፊያ ተሸክሞ ደረጃውን እየሮጠ መጣ። አንድ ስኒ ቀዳሁለት፤ ቀመሰ፣ ስኳር ጠየቀ፣ በረካው ድረስ ተቀመጠ። አሁን ጀበናው ሲወጣ በሩን የሚያንኳኳው እሱ ነው። ዕጣኑን ብቻ ልብስ ከተሰጣ አታጭሱ፤ የላይኛዋ ጎረቤቴ አንሶላዎቿን ይዛ ታች ድረስ ወርዳ ነበር።