ከባስ ቦት ወደ ፖንቱን ለምትቀይሩ፦ መጀመሪያ ነፋሱን አስቡ

ሰላም ወንድሜ። «18 ጫማ ባስ ቦቴን (ባስ የሚባለውን ዓሣ ማጥመጃ ጀልባዬን) በ22 ጫማ ፖንቱን (በቱቦዎች ላይ በሚንሳፈፍ ሰፊ ጀልባ) ልለውጥ ነው፣ ሚስቴና ልጆቹም አብረው እንዲወጡ። ቨርጂኒያ ባለው ሐይቅ፣ ሌክ አና ላይ ዓሣ ማጥመዱ ይቀርብኛል ወይ?» ብለሃል። አይቀርም። ግን አጠማመድህ ይለወጣል፤ የሚለውጠውም የፍጥነቱ መቀነስ ሳይሆን ነፋሱ ነው።

ባስ ቦት ዝቅ ብሎ ውኃው ላይ የተለጠፈ ነው። ፖንቱን አጥር፣ ወንበርና ጥላ ተሸክሞ በአሉሚኒየም ቱቦዎች ላይ ከፍ ብሎ ስለሚቆም፣ ነፋሱ እንደ ሸራ ይገፋዋል። ባስ ቦትህን የማያስቸግረው ነፋስ ፖንቱኑን ዶክ (የጀልባ መቆሚያ) ላይ ያላትመዋል። ስለዚህ ትልቅ ስክሪን ያለው ሶናር (በድምፅ ሞገድ ዓሣ የሚያሳይ መሣሪያ) ከመግዛትህ በፊት ገንዘብህን ትሮሊንግ ሞተሩ ላይ፣ ማለትም ስታጠምድ ጀልባውን ቀስ አድርጎ በሚነዳው ትንሽ የኤሌክትሪክ ሞተር ላይ አውል።

የሞተሩ ጉልበት ስሌት ለእያንዳንዱ 100 ፓውንድ ክብደት ቢያንስ 2 ፓውንድ ግፊት ነው። ጀልባው ከነነዳጁና ከነሰዎቹ 3,500 ፓውንድ ቢመዝን 70 ይመጣል፤ ለነፋሱ ጨምረህ ባለ 24 ቮልት፣ 80 ፓውንድ ውሰድ። ባለ 12 ቮልቱ 55 ፓውንድ ጠዋት ይሠራል፣ ከሰዓት በኋላ ነፋሱ ሲነሳ ግን ያሳፍርሃል። ባለበት የሚያቆም ጂፒኤስ ያለው ከሆነ ዋጋውን ያወጣል። 24 ቮልት ለማግኘት ሁለት ባለ 12 ቮልት ዲፕ ሳይክል ባትሪ (ለረዥም ሰዓት ኃይል የሚሰጥ) በተከታታይ ትቀጥላለህ፤ የአንዱን ፖዘቲቭ ከሌላው ኔጌቲቭ ጋር። ባትሪው ኋላ፣ ሞተሩ ፊት ስለሚሆን ሽቦው ወደ 20 ጫማ ይረዝማል። ቀጭን ሽቦ ከዘረጋህ ይግላል፣ ሞተሩም ጉልበት ያጣል። ባለ 4 ቁጥር ሽቦ (ቁጥሩ ሲያንስ ሽቦው ይወፍራል) እና 60 አምፕ ብሬከር (ኃይል ሲበዛ የሚያቋርጥ ማብሪያ ማጥፊያ) አድርግ፤ ብሬከሩ ባትሪው አጠገብ ይሁን።

የባስ ቦትህን ትሮሊንግ ሞተር ነቅለህ ልታዛውር ካሰብክ፣ ዘንጉን መጀመሪያ ለካ። የፖንቱን ወለል ከፍ ስለሚል 45 ኢንቹ ብዙ ጊዜ ያጥራል። ማዕበል አፍንጫውን ባነሳው ቁጥር ፕሮፔለሩ ከውኃ ወጥቶ አየር ይመታል። 60 ኢንች ይሻላል፤ ፕሮፔለሩ ቢያንስ 12 ኢንች መጥለቅ አለበት። ሲገጠም ፕላይውዱን ብቻ በሚነክስ ብሎን አትተማመን፤ ከወለሉ ሥር የአሉሚኒየም ሳህን አድርገህ በማይዝግ ብሎንና ዳዶ አጥብቀው፣ ቀዳዳዎቹን በማሪን ሲሊከን ድፈን። ካልተደፈኑ ውኃው ፕላይውዱን ያበሰብሰዋል። ከመቦርቦርህ በፊትም የፊቱ በር የሚከፈት መሆኑን አረጋግጥ።

የሶናሩን ትራንስዱሰር (ውኃ ውስጥ ድምፁን የሚልክና የሚቀበል ክፍል) ለመግጠም ቱቦውን አትብሳ! አየር የታሸገበት ነው። ከቱቦው ጀርባ በተበየደው ብራኬት ላይ ይታሰራል፤ አረፋ የሚበዛበት ቦታ ካዋልከው ስክሪኑ ዝብርቅርቅ ይልብሃል።

የምታጣው ነገር አለ። ዶክ ሥር ለተደበቀ ባስ ሉሩን (ሰው ሠራሽ ማጥመጃውን) ውኃው ላይ እያነጠርክ ማስገባት በአጥሩ ምክንያት ይከብዳል። በ208 ድልድይ ምሰሶዎች አጠገብ ክራፒ ለሚባለው ዓሣ ቆሞ ማጥመድ ግን ፖንቱን ላይ ምቾቱ ሌላ ነው። መልህቅ ስትጥል ከፊት እሰር፤ ከኋላ ካሰርክ የሞተሩ ክብደት ባለበት በኩል ማዕበል ይገባብሃል። ገመዱ ደግሞ ቢያንስ የጥልቀቱን አምስት እጥፍ ይሁን።

ሞዴል ስትመርጥ ፊት ለፊቱ ክፍት ሆኖ የሚሽከረከሩ ወንበሮችና ላይቭዌል (የተያዘውን ዓሣ በሕይወት የሚያቆይ የውኃ ገንዳ) ያለውን ፈልግ። ዙሪያውን ሶፋ የሞላበት ለልደት እንጂ ለዓሣ አልተሠራም፤ ባለ ሦስት ጥርስ መንጠቆ አንዴ ሶፋው ላይ ከተሰካ ቀዶ ነው የሚወጣው። ወለሉም ምንጣፍ ሳይሆን ቪኒል ይሁን። የዓሣ ማውጫ መረብህ እጀታው ረዥም ካልሆነ በአጥሩ ላይ ዓሣ ማውጣት አይታሰብም።

አንድ ነገር ለቤተሰቡ ንገራቸው፦ ዓሣ ተያዘ ሲባል ሁሉም ወደ ፊት አይሩጥ። ፊቱ ከብዶ ሳለ ፍጥነቱን በድንገት ከቀነስክ አፍንጫው ይጠልቅና ውኃ ወለሉ ላይ ይወጣል። ዕድሜያቸው ከ13 በታች ያሉት ጀልባው ሲንቀሳቀስ ላይፍ ጃኬት ይልበሱ። አንተም የሞተር ማጥፊያውን ገመድ (ነጂው ከቦታው ሲወድቅ ሞተሩን የሚያጠፋውን) አትርሳ፤ ከሚያዝያ 2021 ጀምሮ ከ26 ጫማ በታች በሆኑ ጀልባዎች ላይ በፍጥነት ስትነዳ የአሜሪካ ፌደራል ግዴታ ነው።

ራምፑ (ጀልባው ወደ ውኃ የሚወርድበትና የሚወጣበት ተዳፋት) ላይ ነፋሱ ከጎን ከሆነ ጀልባውን ብቻህን አትጫን። ሁለት ሰው ከፊትና ከኋላ ገመድ ይያዝ። ትሬይለሩንም (የጀልባውን ተጎታች) ከልክ በላይ አታጥልቀው፤ ከጠለቀ ጀልባው ሳይቀመጥ ይንሳፈፍና ወደ ጎን ይዞርብሃል።